በበረቴ ያልቆጠርሁት ሰባት ቤት

ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም። ልጆቼ ሲጠይቁኝ አንዴ እንዲህ፣ አንዴ እንዲያ እላለሁ፤ እነሱም ይስቁብኛል። የማውቀው ዝናቡ ዘግይቶ የገባበት፣ ዱራው ግን እንደምንም ያፈራበት ዓመት መሆኑን ነው። ዱራ የምለው ማሽላውን ነው፤ እዚህ ሱዳን ብዙ ስለኖርሁ አፌ እንዲያ ለምዷል። ከዚያ ይልቅ ልጄ የታጨችበትና ሦስት ጥጃ በተከታታይ የቀበርሁበት ዓመት ነው ብል ይሻላል። ሁለቱ ነገር በልቤ አንድ ላይ ነው የተቀመጠው። ለምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ።

ፊደል የቆጠርሁት በልጅነቴ ጥቂት ወራት ነው። ስለዚህ ቀስ እያልሁ ነው የምጽፈው፤ እናንተም ቀስ ብላችሁ አንብቡኝ።

ከጓንግ ወንዝ ማዶ ስወጣ ይዤ የተሻገርሁት ሦስት ላሞችና አንድ ወይፈን ነበር። አገር የተበጠበጠ ጊዜ ነው፤ ስለ እሱ ብዙ አልጽፍም። ባለቤቴ ልጃችንን አዝላ ከፊት፣ እኔ ከብቶቹን እየነዳሁ ከኋላ፣ ውኃው ጭን በሚደርስበት በኩል ገባን። ወይፈኑ ቀይ ነው፤ ግንባሩ ላይ ነጭ አለበት፣ ቦቃ የምንለው። ሻኛው ወደ ግራ ትንሽ ዘንበል ያለ። ወንዙ መሀል ሲደርስ ቆመና ዞሮ ወደ አገሩ አየ። እኔ አላየሁም። ካየሁ የምመለስ መስሎኝ ፈርቼ ነው። እሱ ግን ለሁለታችንም አየ።

ከዶካ ከተማ ወጣ ብሎ ካለ አንድ ሰፊ እርሻ በዘበኝነት ገባሁ። የእርሻው ጌታ ሱዳናዊ ነው፣ ደግ ሰው፤ እህሉ ከተነሣ በኋላ ከብቶቼ ቃርሚያውን እንዲግጡ ፈቀደልኝ። ከእሾህ አጥር ሠራሁ፣ ጎጆ ቀለስሁ። የኛ የቆላው ከብት ለወተት እዚህ ግባ አይባልም። ሥጋ ላይ ግን ይታወቃል። አገዳ በልቶ፣ የሰሊጥ ፋጉሎ ተጨምሮለት ሁለት ወር የተቀለበ ሰንጋ ታፋው እንደ ቋጥኝ ነው። የዶካው ሥጋ ሻጭ፣ ጀዛር የሚሉት ሽማግሌ፣ በየዓመቱ እየመጣ ሰንጋ ይወስድልኝ ነበር። እሱ ከሠራተኞቻችን የለቃቀመው አማርኛ አለው፣ እኔም የሱን ዐረብኛ እቆራርጣለሁ፤ እንደምንም እንግባባለን።

እንግዲህ ጥፋቴን ልናገር።

ላም በወለደች ቁጥር መጀመሪያ የማየው የጥጃውን ግንባር ነበር። ቀይ ቦቃ ከሆነ ልቤ ይሞቃል። ወይፈኑን ወንዝ መሀል ቆሞ ያየሁት ይመስለኛል፤ ከወንዙ ማዶ ያለው ሜዳ፣ ግራሮቹ፣ ጧት ጧት ከብት ሲወጣ የሚነሣው አቧራ ሁሉ ይመጣብኛል። ሌላ ቀለም ከሆነ ግን ሆዴ አይቀበለውም። ጥቁር ወንድ ቢወለድ አኮላሽቼ ለሰንጋ አሳድገዋለሁ። ዳለቻ ጊደር፣ ማለቴ አመድማ፣ ብትወለድ ለጀዛሩ ትሄዳለች። ቀዩ ቦቃ ሲያረጅ በቦታው ልጁን አቆምሁ፤ የመረጥሁትም ቁርጥ አባቱን የሚመስለውን ነው፣ ሻኛው ሳይቀር ወደ ግራ ዘንበል ያለውን። ያም ሲደክም የሱን ልጅ። የሰው ኮርማ ወደ አጥሬ ሲጠጋ በድንጋይ አባርራለሁ። እንዲህ ሆኖ ዓመታት አለፉና በረቴ ሙሉ ቀይ ሆነ፤ ሃያ ግንባር፣ ሃያ ቦቃ።

ወገኖቻችን ለሰሊጥ አረም ወደ ቁረይሻ ሲሄዱ በአጠገቤ ያልፋሉ። ከአጥሩ ጥግ ቆመው ያያሉ። «ይኸ እኮ የኛ አገር ከብት ነው!» ይላሉ። አንድ ጊዜ አንድ ጎልማሳ ማጭዱን መሬት ላይ አስቀምጦ የአንዲቱን ላም አንገት አቅፎ ቆመ፤ ጓደኞቹ ቢጠሩት አልሰማቸውም። ስሙ ማን እንደሆነ፣ ሰፈሩ የት እንደሆነ አልጠየቅሁትም። ውኃ ሰጠሁት፣ ጠጣና ሄደ። እኔም የዚያን ቀን፣ አገሬን ነው አጥሬ ያስቀመጥኋት ብዬ አሰብሁ። ኩራት ነው፤ አልዋሽም።

መጀመሪያ ያየው ጀዛሩ ነው። አንድ ቀን ሰንጋዬን በዓይኑ ሲለካ ቆየና ምላሱን ጠቅ አደረገ፤ አጎቴ ለማለት ያ ዓሚ ነው የሚለኝ።

«ያ ዓሚ፣ ዱሮ ከዚህ በረት በሬ ሳወጣ ሰው ይረዳኝ ነበር። ዘንድሮ በግ ነው እንዴ የምትሸጥልኝ?»

«ሣሩ ነው» አልሁት።

«ሣሩማ ያው ሣር ነው። የጎረቤትህ ከብት አይበላውም?»

«እንግዲያ ዓይን ነው።»

«ወላሂ ዓይን ቢሆን የኔ ዓይን ነው፤ ስንት ዓመት አየሁት!» ብሎ ሳቀና ሰንጋውን ነድቶ ሄደ። እሱ የሳቀውን ያህል እኔ አልሳቅሁም። ምክንያቱም የሚያውቀው ግማሹን ነበር። ጊደሮቹ ኮርማ አይቀበሉም፤ ቢቀበሉም አይረግዙም። ሁለቱ ጨነገፉ። የተወለዱትም ጥጃዎች እግራቸው የሸንበቆ ያህል ነው፤ ዝናብ ሲነካቸው ያስላሉ።

በዚያ ዓመት አንዷ ላም የታችኛው መንጋጋው ያጠረ ጥጃ ወለደች። ቀይ ቦቃ፣ ውብ። ይጠጋል፣ ጡቱን ያሸታል፣ አፉን ይከፍታል፣ መያዝ ግን አይችልም። እናቱ እየላሰች ወደ ጡቷ ትገፋዋለች። እኔ በጣቴ እንገሩን እየነከርሁ አጠባው ነበር። ዓይኑ ዓይኔ ላይ ነው። በአራተኛው ቀን ሞተ። ከዚያ ሁለት ተከተሉ።

በይጠሪ የሚሏቸው የከብት ሐኪም ከከተማ መጡ። የአንድ የከሳ ጥጃ ዓይን ገልጠው፣ ምላሱን ስበው፣ ደሙን በጠርሙስ ወስደው ሄዱ። ሲመለሱ «በሽታ የለበትም» አሉኝ። በሽታ ከሌለበት ለምን ይሞታል? ገዳሪፍ ካለው ቤተ ክርስቲያን ጠበል አስመጥቼ ረጨሁ። የበረቱን አፍ ከምሥራቅ ወደ ሰሜን አዞርሁ። እርሻው ላይ የሚረጨውን የአረም መድኃኒት ወቀስሁ። ሁሉንም ወቀስሁ።

ጀዛሩ አዝኖልኝ ተመልሶ መጣ። «አንድ ነጭ ኮርማ ላምጣልህ» አለኝ፤ «የኛ የሱዳን፣ ግዙፍ። ላሞችህ ላይ ልቀቀው፤ በሁለት ዓመት ኸላስ፣ በረትህ ይድናል።»

«ይድናል፤ ግን የኔ በረት አይሆንም» አልሁት። «የኛ ዘር ይጠፋል።»

«ዝም ብለህ ብታየውስ አይጠፋም?»

በልቤ የነበረው ነገር ይኸ ነው፤ አንድ ቀን መንገዱ ሲከፈት፣ አገር ሰላም ሲሆን፣ በዚያው መሻገሪያ የዚያኑ ወይፈን ዘር ነድቼ እመለሳለሁ። ሽማግሌ ሆኜ ልመለስ፣ ድሃ ሆኜ ልመለስ፣ ግድ የለኝም። ባዶ እጄን ወይም የሰው አገር ከብት እየነዳሁ ግን አልመለስም። እንዲህ እያልሁ ነው ያን ሁሉ ዓመት ዘበኛ ሆኜ የኖርሁት። አሁን ከብቶቹ በዓይኔ ፊት እያለቁ ነው።

ልጄ የታጨችው በዚህ መሀል ነው።

የጠየቃት ልጅ የባሱንዳ ከተማ ነዋሪ ነው። እሱም ወገናችን ነው፤ እናቱ ባሏ ሞቶባት ብቻዋን ያሳደገችው። ሽማግሌ ተላከ፣ እሺ አልን፣ ቀን ተቆረጠ። እናንተም እንደምታውቁት በኛ ዘንድ ዝምድና ሳይቆጠር ጋብቻ የለም። ሰባት ቤት መቆጠር አለበት፤ በእናት በኩልም፣ በአባት በኩልም። በስደት ደግሞ ይብሳል፤ ሰው ከየት ከየት እንደመጣ አይታወቅም፣ ሳያውቁ እህት ወንድም ሊጋቡ ነው።

ከኒሟ ዛፍ ሥር ምንጣፍ አነጠፍን። የነሱ ሽማግሌዎች በአንድ በኩል፣ የኛ በአንድ በኩል። የልጁ እናት ከሴቶቹ ጋር ተቀመጠች፤ ረዥም፣ ቀጭን፣ እንደ ሱዳን ሴቶች ቶብ የለበሰች፣ አንገቷ ላይ ግን የእንጨት መስቀል ያንጠለጠለች። ቆጠራው ተጀመረ። እገሌ እገሌን ይወልዳል፣ እገሌ እገሊትን ይወልዳል። አምስተኛው ቤት ላይ ሲደርስ ሁለቱም ወገን አንድ ደብር ጠሩ። ልጄ ከጎጆው ውስጥ ሆና እንደምትሰማ አውቃለሁ፤ የብርጭቆ እጥበቷ ድምፅ ቆመ። አንድ የነሱ ሽማግሌ ዓይናቸውን ጨፍነው ብዙ አሰቡና «የኛስ ሰው የዚያ ደብር ተወላጅ አይደለም፤ አግብቶ የገባ ነው» አሉ። ከዚያ ወዲያ ተቆፍሮ ተቆፍሮ ዝምድና ጠፋ። እልል ተባለ። የብርጭቆውም ድምፅ ተመልሶ ቀጠለ።

በኛ ባህል ለሙሽሮቹ መቋቋሚያ ከብት ከሁለቱም ወገን ይሰጣል። የልጁ እናት ተነሥታ «አያ፣ ያሰቡላቸውን ከብት ልየው?» አለችኝ። በደስታ ይዣት ሄድሁ። ሽማግሌዎቹም ተከተሉን።

«እነዚህ ሦስቱ ጊደሮች ናቸው» አልኋት።

ወደ አንዷ ተጠግታ ዳሌዋን በመዳፏ ዳበሰች። አፏን ከፍታ ጥርሷን አየች። ሌላዋን፣ ሦስተኛዋን እንዲሁ።

«አንድ እናት የወለደቻቸው ይመስላሉ» አለች።

«የኔ ከብት ሁሉ እንዲህ ነው» አልሁ፤ ደረቴን ነፍቼ።

«አባታቸው ማን ነው?»

«ያ ነው» ብዬ ኮርማዬን አሳየኋት።

«የዚች እናትስ የማን ልጅ ናት?»

«የሱ የአባቱ ልጅ።»

ቆም አለች። «ታዲያ እኅቱ አይደለችም እንዴ? አያቷስ?»

«አያቷም የመጀመሪያው ኮርማ ልጅ ናት። ይዤው የተሻገርሁት።»

እንደ ሽማግሌዎቹ ጣቷን እያጠፈች መቁጠር ጀመረች። አንድ ብላ አጠፈች፤ ሁለተኛውን ማጠፍ አቃታትና እጇን አየት አድርጋ ሳቀች። ሳቋ ከበረቱ ማዶ ይሰማል።

«አያ! አሁን ኒሟ ሥር ምን ሲያስቆጥሩኝ ዋሉ? የኔን ልጅ እስከ ሰባት ቤት አስቆፍረው፣ የቅድመ አያቴን አጥንት ቀስቅሰው! እዚህ ወንድምን ለእኅት ድረው ተቀምጠዋል!»

ሽማግሌዎቹ በሳቅ ፈነዱ። አንዳቸው «ለከብት ደግሞ ማን ቆጥሮ ያውቃል?» አሉ።

«ከብቱ ራሱ ቆጥሮታል፤ አታዩትም?» አለች፤ ጥጉ ላይ ወደ ተኛው ወደ ከሳው ጥጃ እያመለከተች። ሳቁ ቆመ። እሷም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እነዚህን ለልጆቻችን አልቀበልም፣ አያ። ለመስደብ አይደለም። የማትወልድ ጊደር ለሙሽራ አትሰጥም» አለችኝ።

እኔ ቁጡ ሰው አይደለሁም። ያን ቀን ግን ደሜ ፈላ። «ከብቴ ካልበቃሽ ልጄም አትበቃሽም!» አልኋት፤ አንቺ ብዬ። ባለቤቴ ከኋላዬ ሸሚዜን ጎተተችኝ። ሽማግሌዎቹ መሀል ገቡ፣ ለመኑ፣ አበረዱ። ነገሩ እስከ መስቀል ይቆይ ተባለ። እንግዶቹ በመጡበት መኪና ተሳፍረው ሄዱ። ልጄ ሳህኖቹን ስትሰበስብ ቀና ብላ አላየችኝም።

ሁለት ሳምንት ከሰው ጋር አልተነጋገርሁም ማለት ይቻላል። ከብቱን አወጣለሁ፣ አስገባለሁ። አንድ ጧት ባለቤቴ እበት እየጠረገች ሳለ መጥረጊያዋን ይዛ ቀና አለች።

«ሴትዮዋ እውነቷን ነው» አለችኝ።

«አንቺም?»

«የማልባቸው እኔ ነኝ። ማን የማን ልጅ እንደሆነች ከኔ በላይ ማን ያውቃል?»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተ ያን ቦቃ ስታይ ፊትህ ሌላ ይሆናል። ከተሻገርን ወዲህ ፊትህ እንዲያ የሚሆነው ከብቶቹን ስታይ ብቻ ነው። ምን ብዬ ልንገርህ?» አለችና መጥረጓን ቀጠለች።

በማግሥቱ ባሱንዳ የሚሄድ ሎሪ ላይ ወጣሁ።

ስደርስ የልጁ እናት ከብት ልታጠጣ ከሐፊሩ አጠገብ ነበረች፤ ሐፊር የዝናብ ውኃ የሚጠራቀምበት ኩሬ ነው። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ከመክፈቴ በፊት ከብቶቿን አየሁ። ቀንዳቸው የኛ ነው። ሻኛቸው የኛ ነው። ውኃ ሲጠጡ ጆሯቸውን ወደፊት የሚጥሉት አጣጣል ሳይቀር የኛ ነው። ቀለማቸው ግን ጥቁር፣ ዳለቻ፣ ዝንጉርጉር፣ አንድ ሁለት ቀይ። አንዱ ዝንጉርጉር ኮርማ ከመሀላቸው እንደ ግንብ ቆሟል።

«እነዚህን ከየት አመጧቸው፣ እሜቴ?»

«እርስዎ ከተሻገሩበት በላይ ባለው መሻገሪያ። ወንዙ አንድ አይደለም እንዴ?»

«የኛ ከብት ቀይ ነው ብዬ...»

«ማን ነው ቀይ ነው ያልዎት? ያባትዎ በረት ቀይ ብቻ ነበር?»

ነበር ልል ፈለግሁ። ግን ሳስበው ሳስበው የአባቴ በረት በትክክል አልታይ አለኝ። የሚታየኝ ቀዩ ብቻ ነው። ያን ያህል ዓመት ቀዩን ብቻ ሳይ ኖሬ ሌላውን ከራሴም አውጥቼ ሸጬው ነበር።

ጥላ ሥር አስቀምጣ ውኃ ሰጠችኝ። በአገራችን ከብቱ ሁሉ በጋራ ግጦሽ እንዴት ይውል እንደነበረ አነሣን። የመንደሩ ኮርማ ሁሉ እዚያው ነው፤ የማን ኮርማ የማንን ላም እንደጠቃ የሚያውቅ የለም። ማንም መቁጠር አላስፈለገውም፤ ሜዳው ይቆጥርለት ነበር። እኔ እዚህ መጥቼ በእሾህ አጥር ዘጋሁና የሜዳውን ሥራ ለዓይኔ ሰጠሁት። እሷ ግን ባሱንዳ ካሉ ሁለት ወገኖቿ ጋር ተማክራ፣ በየሁለት ክረምቱ ኮርማ ከቤት ወደ ቤት ያዛውራሉ። የአንዷ ኮርማ ለሌላዋ ላሞች እንግዳ ነው። እንዲህ አድርገው ነው ዘሩን ያቆዩት።

«አሁን ግን የሦስታችንም መዛመድ ጀምሯል» አለች። «የርስዎ ቀይ ለኔ ላሞች ባዕድ ነው። ሰባት ቤት ያልፋል። ይስጡኝና ዝንጉርጉሩን ይውሰዱ።»

«ሊሸጡልኝ ነው?»

«ኮርማ ሙሽራ ነው፤ አይሸጥም። እንለዋወጥ።»

ዝንጉርጉሩን ደግሜ አየሁት። «ከነዚያ ከቀዮቹ መካከል ወይፈን አይኖርዎትም?» አልኋት፤ ድምፄ እንደ ሕፃን ነበር።

«አያ፣ ከብት ነው የሚፈልጉ ቀለም? ቀለም ከሆነ ዶካ ሱቅ ይሸጣል።»

ሳቅሁ። ከዚያ ፊቴን ወደ ሐፊሩ አዞርሁ። እሷም አይታኝ፣ ዕድሜ ለሷ፣ ያን ጊዜ አልቀለደችም። «እኔም ስሻገር ዞሬ አላየሁም» አለችኝ።

ቀዩን ወደ ባሱንዳ የወሰድሁት በእግሬ ነው። ሎሪ ላይ ልጭነው እችል ነበር፤ አልሆነልኝም። ከፊቴ እየሄደ ሻኛው ወደ ግራ ዘንበል፣ ዘንበል ይላል። ወንዙን ለተሻገረው ወይፈን የልጅ ልጁ ነው፤ ከሱ በኋላ በረቴ ያን መልክ የያዘ ወንድ የለም። መንገድ ላይ ሦስት ጊዜ ልመልሰው ቆሜያለሁ። አንዴ እንዲያውም አዙሬው ጥቂት ከሄድሁ በኋላ መንጋጋው ያጠረው ጥጃ ዓይኑ መጣብኝና እንደገና አዞርሁት። ኮርማው ግራ ገብቶት አየኝ።

ሐፊሩ ጋ ስንደርስ ላሞቿን ሲያይ ጆሮውን አቀና። ገመዱን ፈታሁለት። ግንባሩን፣ ነጩን ቦታ፣ በመዳፌ ያዝሁ። ከዚያ ሄደ። ዞሮ አላየም። አያቱ ነበር ዞሮ የሚያይ።

ዝንጉርጉሩ አስቸጋሪ ነበር፤ ስጎትተው ይቆማል፣ ስተወው ይሮጣል። ዶካ ስደርስ ጀዛሩ ከሱቁ ደጃፍ አየኝና እጁን አነሣ።

«ያ ዓሚ! ከሀበሻ ወጥተህ ሌላ ሀበሻ አመጣህ?»

«የኛው ነው» አልሁት።

ቀርቦ ታፋውን በመዳፉ መታ አደረገው። «ታማም! ይኸ እንኳ በሬ ነው» አለ። «ፊትህ ለምን እንዲህ ሆነ ታዲያ? ሰው ኮርማ ሲያገኝ ያዝናል?»

ልነግረው አልቻልሁም፤ ዐረብኛዬ እስከዚያ አይደርስም። አማርኛዬም መድረሱን እንጃ።

ለመስቀል ሽማግሌዎቹ ተመልሰው መጡ። ልጄ ተዳረች። ለሙሽሮቹ ጊደሮቹን አልሰጠሁም። ከዝንጉርጉሩ የሚወለዱትን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሴት ጥጃዎች እሰጣለሁ ብዬ በሽማግሌ ፊት ቃል ገባሁ። የልጁ እናት «ያልተወለደ ከብት የሰጠ አማች የመጀመሪያው እርስዎ ነዎት» ብላ አሳቀችብኝ፤ ግን ተቀበለች።

ከቀዮቹ ጊደሮች አንዷ፣ መካን ናት ያልናት፣ አረገዘች። የወለደችው ረፋድ ላይ ነው፤ እኔና ባለቤቴ አጠገቧ ነበርን። እምቦሳዋ ሴት ናት። ግንባሯን ነው መጀመሪያ ያየሁት፣ ልማድ ነውና። ነጭ የለባትም። ቀይም አይደለችም፣ ዝንጉርጉርም አይደለችም፤ ዳለቻ ናት፣ ከቁርጭምጭሚቷ ወደ ታች ጥቁር። እናቷ ልሳ ሳትጨርስ ተነሣች። ወደቀች፣ ተነሣች። ጡቱን ያዘችና በግንባሯ እየጎሸመች ስትጠባ እናቷ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

ያን ጊዜ ነው የመጣብኝ። አባቴ አንድ ዳለቻ በሬ ነበረው፤ እግሩ ጥቁር። ሲያርስበት የሚያወራው ለሱ ብቻ ነበር። ሲታመም ወገቡን በጨርቅ ይጠቀልለት ነበር። እንዴት እንደረሳሁት አላውቅም። ከዳለቻው አጠገብ ደግሞ ጥቁሯ ላም መጣች፣ ከጥቁሯ ኋላ ቡላው፣ ከቡላው ኋላ ያ ሜዳ ከነአቧራው። የአባቴ በረት በየቀለሙ እየሆነ ገባልኝ። ቁጭ ብዬ አለቀስሁ። ባለቤቴ ጥጃዋ አንድ ነገር የሆነች መስሏት ደንግጣ መጣች።

«ምን ሆነሃል?»

«ምንም። ጠግባ እየጠባች ነው» አልኋት።

አሁን በረቴ የተደባለቀ ነው። የቁረይሻ መንገደኞች ሲያልፉ እንደ ድሮው ሁሉም አይቆሙም፤ ከሩቅ ሲታይ የማንም ከብት ይመስላል። ቀርበው ቀንዱን ያዩት ግን ይቆማሉ። መንገዱ ገና አልተከፈተም። ዕድሜዬም እየሄደ ነው፤ ያን ወንዝ በከብት ኋላ የምሻገረው እኔ እንዳልሆንሁ አሁን አሁን አውቄዋለሁ። ጧት ጧት በረቱን ስከፍት፣ ዳለቻዋ ከነልጆቿ ስትወጣ፣ ከወንዙ በዚህ በኩል ሆኜ አሁን ዞሬ አያለሁ። ቀዩን ቦቃ ግን እስከ ዛሬ ይናፍቀኛል። ባሱንዳ ልጄን ልጠይቅ ስሄድ ሐፊሩ ጋ እሄዳለሁ፤ አርጅቷል፣ አላወቀኝም። ልጆቹ ግን በየቀለሙ ተበትነዋል። አንዲቷ ጥቁር ጊደር ሻኛዋ ወደ ግራ ትንሽ ዘንበል ይላል።

በየሁለት ክረምቱ ኮርማ ስንለዋወጥ አንዲት ሴት «አያ፣ ስንት ቤት ደረሱ?» ትለኛለች። «ገና ሁለት ነኝ» እላታለሁ። «እንግዲህ ሰባት እስኪሞላ አይሙቱብኝ» ትለኛለች። ይህን እንደምጽፍ ስነግራት ስሜን እንዳይጽፉ ብላኛለችና አልጻፍሁም። ያን ዓመት ያሳለፈችኝ ግን እሷ ናት፤ የባሱንዳዋ ሴትዮ፣ የልጄ አማት።